ፉርጎ ፎንት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፎንቱን ከለቀቅኩት ወዲህ ኢንቦክሴ በአንድ አይነት ጥያቄ ተሞልቷል። ግማሹን በድምፅ እየመለስኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። የድሬ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። ስለዚህ አንዴ እዚህ ልጻፈውና ልገላገል።

ፉርጎ ምን አይነት ፎንት ነው?

ወፍራም ነው፣ ጠባብ ነው፣ ረጅም ነው፣ አሮጌ ይመስላል። ለርዕስ፣ ለፖስተር፣ ለታፔላ፣ ለቲሸርት የተሰራ ነው። ላሜራ ላይ በቀለም ተጽፎ ስንት ዓመት ፀሐይ የበላው ጽሑፍ ታያላችሁ አይደል? እሱን ነው። በሁለት መልክ ይመጣል፣ አንዱ የተላጠ፣ ሌላው ንጹህ። ንጹሁን ለምን እንደጨመርኩት ታች ስትደርሱ ይገባችኋል።

ስሙ ለምን ፉርጎ ሆነ?

የተወለደው ፉርጎ ላይ ስለሆነ ነዋ። የድሬ ልጅ ሆኖ ፉርጎ የማያውቅ የለም፣ ለሌላው ግን ልንገር፦ ባቡር የሚጎትተው የዕቃ መጫኛ ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ነው የመጣው፣ ልክ እንደ ለገሃር። ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ሊገባ ነበር፣ ተራራው አላስወጣ ሲል ከታች ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረና ለጊዜው «አዲስ ሐረር» ተባለ። አዲስ አበባ ለመድረስ ደግሞ ከዚያ በኋላ 15 ዓመት ያህል ፈጅቷል። መስመሩ ሲያልቅ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ።

አሁን አዲሱ ባቡር ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው። ከዚራ ሰፈር ያለው የድሮው ጣቢያ ግን አለ፣ ግንባሩ ላይ አማርኛና ፈረንሳይኛ ተጽፎበት። ከጀርባው ወርክሾፑ አለ፣ ቶርኖውም ፉርጎውም። አንድ ጡረታ የወጡ ጋሼ አስጎበኙኝ። እሳቸው ስለ ሞተር ያወሩልኛል፣ እኔ አይኔ የፉርጎው ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ ላይ ነው። «አንተ ልጅ፣ ባቡር ልታይ ነው የመጣኸው ቀለም?» አሉኝ። ቀለም ነበር፣ ምን ልበል።

ለምን ጠባብ አደረግከው? የኛ ፊደል ሰፋ ሲል አያምርም?

ያምራል። ግን የድሬን ታፔላ አስቡት። አንድ ላሜራ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አንዳንዴም እንግሊዝኛ ይጻፋል። «ድሬዳዋ» በአማርኛ 4 ፊደል ነው። በኦሮምኛ በቁቤ ሲጻፍ 12 ይሆናል። አማርኛው ተንፈላሶ ሲቀመጥ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ጉንዳን ያህላል። ይሄን ነገር ልጅ ሆኜም አልወደውም ነበር። ጠባብ ፊደል ካለህ ግን ሁሉንም በአንድ ቁመት ትጽፋለህ፣ ማንም ከማንም አያንስም። ለዚህ ብዬ ነው ፎንቱ ውስጥ የላቲን ፊደሎችም የገቡት። የኦሮምኛው ሁዻም፣ ያቺ በፊደሎች መሀል የምትገባው ትንሽ ጭረት፣ ተረስታ እንዳይመስላችሁ፣ አለች።

ማጥበቡ ግን አሳሬን ነው ያሳየኝ። ላቲን ሲጠብ አብዛኛው ፊደል አንድ ወይ ሁለት እግር ነው፣ ትጨፈልቀዋለህ በቃ። እኛ ጋ «ጠ» አለ፣ ሦስት እግር። «ሐ» አለ፣ እሱም ሦስት። «መ» ደግሞ ሁለት አይን ጎን ለጎን። ወፍራም ላድርግ ስትል አይኑ ይጠፋል፣ አይኑን ላትርፍ ስትል ፊደሉ ይሰፋል። መፍትሔው ማጭበርበር ነው፦ የ«ጠ» እግሮች ከ«በ» እግሮች ትንሽ ይቀጥናሉ። ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በማስመሪያ ለኩት፣ ይለያያል። አይን ግን አያውቀውም። «መ»ን ብቻ ሰፋ እንዲል ፈቀድኩለት፣ ከሱ ጋር ሦስት ሳምንት ታግዬ ተሸንፌያለሁ።

ያረጀውን መልክ እንዴት አመጣኸው? ማንኛውም ፎንት ላይ የዝገት ፎቶ ቢለጠፍስ?

ይሄ የምወደው ጥያቄ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ፎቶ መለጠፍ ይቻላል። መጀመሪያ እኔም ያደረግኩት እሱን ነበር። ፉርጎው ላይ ወረቀት አስደግፌ በእርሳስ ፈገፈግኩ፣ የተላጠውን ቦታ ሁሉ ወረቀቱ ላይ አነሳሁ፣ ስካን አድርጌ ፊደሉ ላይ በተንኩት። ስክሪን ላይ አቦ፣ እሳት! ከዚያ ሰፈራችን ሻይ ለሚሸጡ እናት በነጻ ባነር ሰራሁላቸው። ተሰቀለ። በማግስቱ ስሄድ ሻይ እየቀዱልኝ «ልጄ፣ ቢት ምንድነው?» አሉኝ። ቀና ብዬ አየሁ። «ሻይ ቢት» ይላል።

የ«ቤ» ቀለበት ተበልታለች። ቀለበቷ ግማሽ ስትሆን «ቤ» መሆኗ ቀርቶ «ቢ» ሆነች። ያን ቀን ነው የገባኝ። ላቲን ላይ ጭረቱን እንደ ጤፍ ብትበትነው ፊደሉ ያው ፊደል ነው። እኛ ጋ ግን አናባቢው ያለው ትንንሽ ቦታ ላይ ነው። እግር ሥር ያለች ሰረዝ፣ ወገብ ላይ የወጣች ክንድ፣ የምታንስ እግር። «ሰ»፣ «ሳ» እና «ሶ» የሚለያዩት በእግር ቁመት ብቻ ነው። የ«ሳ»ን ረጅም እግር ጫፉን ብትበላው «ሰ» ሆነ፣ ቃሉም ሌላ ሆነ።

የሚገርመው ደግሞ ምንድን ነው መሰላችሁ፣ እውነተኛው ብረት የሚያረጀው ከታች ነው። ውሃ የሚጠራቀመው ታች ነው፣ አቧራ የሚከመረው ታች ነው፣ ድንጋይ የሚመታው ታች ነው። የኛ አናባቢ ደግሞ አብዛኛው ያለው ታች፣ እግር ላይ ነው። ዝገት አማርኛ አያነብም።

ስለዚህ ነገሩን ገለበጥኩት። ፎንቱ ላይ ልጠቱ የሚጀምረው ከፊደሉ ጣሪያ ነው፣ ከዚያ ወደ ወፍራሙ አካል ይወርዳል፣ ቀለበትና ሰረዝ ጋ ሲደርስ ይቆማል። የእግር ጫፍ አልተነካም፣ ጠርዙ ብቻ ትንሽ ሸካራ ነው። ጣሪያው ላይ ምልክት ያላቸው ፊደሎች፣ ማለትም «ሸ»፣ «ቸ»፣ «ኘ»፣ «ጀ» አይነቶቹ፣ ኮፍያቸው ከተበላ «ሰ»፣ «ተ»፣ «ነ»፣ «ደ» ይሆናሉ፣ ስለዚህ ለነሱ ደግሞ ልጠቱ መሀል ወገብ ላይ ነው። በአጭሩ እያንዳንዱ ፊደል የት እንደሚቆስል አንድ በአንድ በእጅ ነው የተወሰነው። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231፣ እነ «ሏ» እና «ቋ» ሲጨመሩ ከዚያ በላይ። ለምን ሁለት ዓመት እንደፈጀብኝ የምትጠይቁ ልጆች፣ መልሱ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ልጠት እንጂ ዝገት ብዬ ብዙም አልጠራውም። ድሬ ደረቅ ናት። እዚህ ቀለም የሚጎዳው በእርጥበት ሳይሆን በፀሐይ ነው፣ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ እንደ ቅርፊት ተቆልምሞ ይረግፋል። ቅርጹ ማዕዘን ማዕዘን ያለው ነው፣ ክብ ክብ አይደለም። ባህር ላይ ቆሞ የዛገ መርከብ የሚመስል ነገር ከፈለጋችሁ ይሄ ፎንት አይደለም።

«አባባ» ብዬ ስጽፍ ሁለቱ «ባ» አንድ አይነት ጭረት አላቸው። ያስታውቃል።

ልክ ነህ፣ የመጀመሪያው ቅጂ ላይ ነው። አዲሱን አውርድ። አሁን ተደጋግመው የሚመጡት ፊደሎች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት የተለያየ ልጠት አላቸው፣ ፎንቱ ራሱ እያቀያየረ ያስገባል። ይሄ እንዲሰራ ፕሮግራሙ ላይ ፊደሉን የሚያቀያይረው የኦፕንታይፕ አማራጭ መከፈት አለበት። ኢሉስትሬተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው። ዎርድ ላይ ከፎንት መስኮቱ ውስጥ «አድቫንስድ» የሚለው ጋ ገብታችሁ መክፈት አለባችሁ።

ለመጽሐፍ፣ ለደብዳቤ፣ ለሲቪ ይሆናል?

አይሆንም። ኧረ ለሲቪ! ከ36 ነጥብ በታች አትጠቀሙት። ከዚያ ሲያንስ ልጠቱ ቆሻሻ ነው የሚመስለው፣ ፕሪንተሩ ቀለም ያለቀበት ይመስላል። ለሥር ጽሑፉ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ውሰዱ፣ ነጻ ነው፣ ብዙ ውፍረት አለው፣ ጠበብ ያለ ስፋትም አለው። ዊንዶውስ ላይ ያለው ኒያላ ደግሞ ከፉርጎ አጠገብ ሲቀመጥ ለኔ ይጋጭብኛል፣ እሱ የብዕር ልጅ ነው፣ ይሄ የመዶሻ።

ስቲከር ላስቆርጥበት ነው። ችግር አለው?

አለው! የተላጠውን ለስቲከር አትስጡ። ንጹሁን ስጡ።

ከልምድ ነው የምናገረው። አንድ ጓደኛዬ ለባጃጁ ኋላ መስታወት «በለው ድሬ» ብለህ ጻፍልኝ አለኝ፣ የተላጠውን ወስጄ ማተሚያ ቤት ሰጠሁ። ማሽኑ ቆረጠ። ግን እያንዳንዷ ልጠት ለብቻዋ የተቆረጠች ፍርፋሪ ናት፣ እሷን በመርፌ አንድ በአንድ የሚለቅመው ሰው ነው። ከሰዓት ነው፣ ሙቀቱ ሌላ፣ ስቲከሩ ለስልሶ ጣት ላይ ይለጠፋል። የማተሚያ ቤቱ ልጅ ሁለት ፊደል ከለቀመ በኋላ መርፌውን አስቀምጦ ዝም ብሎ አየኝ። ቀሪውን እኔው ስለቅም አመሸሁ።

ባነር ህትመት፣ ቲሸርት፣ ወረቀት ከሆነ የተላጠውም ያለ ችግር ይሰራል። መብራት ያለው ታፔላ ላይ ግን ብርሃኑ በየቀዳዳው ይወጣና ማታ ማታ ወንፊት ይመስላል። እሱንም በንጹሁ።

ማተሚያ ቤት ስወስደው ፊደሉ ተቀየረ፣ ሌላ ፎንት ሆነ።

እነሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ስለሌለ ነው። ከመውሰዳችሁ በፊት ከርቭ አድርጉት፣ ማለትም ጽሑፉን ወደ ስዕል ቅርጽ ቀይሩት። ኮረል ላይ ኮንትሮልና ኪው ነው። ኢሉስትሬተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦ። ከዚያ በፊት ግን የሚታረም ኮፒ ለራሳችሁ አስቀሩ፣ ከርቭ የሆነ ጽሑፍ ተመልሶ አይታረምም። «አንድ ፊደል ተሳስቻለሁ፣ ምን ላድርግ» ብሎ በሌሊት የሚደውልልኝ ሰው አለ፣ ራሱን ያውቃል።

ፓወር ግዕዝ ላይ የጻፍኩትን ወደ ፉርጎ ስቀይረው የማይነበብ ምልክት ሆነ።

ፎንቱ አልተበላሸም፣ ጽሑፉ ነው የድሮ። ድሮ የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች በእንግሊዝኛ ፊደሎች ቦታ ላይ የኛን ፊደል ደብቀው ነው የሚሰሩት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ሌላ፣ አንተ የምታየው ሌላ። የኛ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደሎች ሁሉ የጋራ መለያ ውስጥ ሲገባ የራሱ ቦታ ተሰጠው፣ ፉርጎም የሚሰራው በዚያ ብቻ ነው። የመጻፊያ ፕሮግራሙን ወደ ዩኒኮድ ቀይሩና እንደገና ጻፉት። የድሮው ጽሑፍ ረጅም ከሆነ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ። ስልክ ላይ የጻፋችሁት ከሆነ ምንም አትስጉ፣ እሱ ዩኒኮድ ነው።

ስልክ ላይ ይሰራል? ካንቫስ?

ፒክስልላብ ላይ ፋይሉን ታስገባላችሁ፣ ይሰራል። ካንቫ የራሳችሁን ፎንት እንድታስገቡ የሚፈቅደው በሚከፈልበት ነው። ይሄን እኔ አልወሰንኩም፣ አትሳደቡኝ።

የግዕዝ ቁጥር አለው?

አለው፣ እና ለኔ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። የግዕዝ ቁጥር ከላይና ከታች ሰረዝ አለው አይደል? ጠባብና ወፍራም አድርጋችሁ ጎን ለጎን ስትደረድሩት ሰረዞቹ ይገጥማሉ፣ ሁለት ሐዲድ ይሆናሉ። ፲፰፻፺፭ ብላችሁ ጻፉና እዩት። ባቡሩ የገባበት ዓመት ነው፣ ሐዲዱ በራሱ ይዘረጋል። ይሄን አስቤው አይደለም ያገኘሁት፣ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረው አየኋቸውና ብቻዬን ጮህኩ።

ሁለት ነጥቡና አራት ነጥቡም ተራ ነጥብ አይደሉም፣ የቡሎን ራስ ናቸው። ቀረብ አድርጋችሁ ስታዩ የቁልፍ ስድስት ማዕዘን አላቸው። ስለዚህ ፖስተር ላይ በቃላት መሀል ባዶ ቦታ ከመተው እንደ ድሮው ፡ አስገቡ፣ ጽሑፉ በቡሎን የታሰረ ይመስላል።

ሐረር ላለ የእንግዳ ማረፊያ አርማ ልሰራበት አስቤ ነበር።

ወንድሜ፣ ይቅርብህ። ፎንቴን ጠልቼ አይደለም። ጀጎል ውስጥ የሚላጠው ብረት ሳይሆን ኖራ ነው። እዚያ ግድግዳ ያረጃል፣ ግን በየጊዜው ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ እየተቀባ ነው የሚያረጀው፣ ንብርብር ነው፣ ለስላሳ ነው። ማዕዘን ያለው ልጠት እዚያ ሲገባ ጋራዥ የከፈትክ ነው የሚመስልህ። በ5ቱ በሮች ገብተህ ትንሽ ዙርና ግድግዳውን በእጅህ ዳብሰው፣ ከዚያ ትስማማለህ።

ሐረር ውስጥ ይሄ ፎንት የሚሄድበት ቦታ ከጠየቅከኝ ሁለት እነግርሃለሁ። አንዱ የፔጆ 404 ታክሲዎቹ በር ላይ ነው። ሌላው የቡና ጆንያ ነው፣ ጆንያ ላይ በላሜራ ቅርጽ ማውጫ የሚመታ ጽሑፍ የዚህ ፎንት የአጎት ልጅ ነው። መኪና ግርግርንም፣ ልብስ ሰፊዎቹ ያሉበትን መንገድ፣ አስቤው ነበር፣ ስሙ ራሱ የስፌት መኪናው ድምፅ ስለሆነ። ግን ስፌት ቀጭን ነገር ነው፣ ሌላ ፎንት ይፈልጋል።

ለሰርግ ካርድ?

አይ። ሙሽሪትን ፉርጎ ላይ ልትጭናት ነው?

ቦልድ የምትለዋን ቁልፍ ብጫናትስ?

አትጫናት። ፎንቱ ቦልድ ሆኖ ነው የተወለደው። ቁልፏን ስትጫን ፕሮግራሙ በራሱ ዙሪያውን ያወፍረዋል፣ የ«መ» አይን ይደፈናል፣ ልጠቱም ይዘጋል። ጎተት አድርጎ ማስፋትም ያው ነው፣ የቆመው እግር ይወፍራል፣ የተኛው ሰረዝ ባለበት ይቀራል። ሰፊ ፎንት የምትፈልጉ ሰፊ ፎንት ፈልጉ።

ስንት ብር ነው? ለንግድ መጠቀም ይቻላል?

ነጻ ነው፣ ለንግድም ጭምር። ፈቃዱ ኦፕን ፎንት ላይሰንስ ይባላል። ታፔላ ሰርታችሁ ሽጡ፣ ቲሸርት ሽጡ፣ ፎንቱን ራሱን ከፍታችሁ አሻሽሉት። የማይቻለው ፎንቱን ብቻውን አውጥቶ መሸጥ ነው። ሌላ ሰው ሰርቶት ስሙን ቀይሮ ቢለቅ እንኳን በዚያው ፈቃድ ነው የሚለቀው። ከዚራ ካገኛችሁኝ ቡና መጋበዝ አልተከለከለም።

የጎደለ ወይም የተበላሸ ፊደል ካገኘሁ?

ስክሪንሾት ላኩልኝ፣ ፊደሉን አክብቡበት፣ የትኛው ፕሮግራም ላይ እንደሆነ ጻፉ። «አይሰራም» ብቻ ብላችሁ አትላኩ።

አንዷን ራሴ ላጋልጥ፦ «ጧ» አልተሳካችም። ሦስት እግር፣ ከዚያ ላይ የታችኛዋ ምልክት፣ ይሄ ሁሉ በጠባብ ቦታ። ከሩቅ ስትታይ የተገጨች አጥር ትመስላለች። አራት ጊዜ ሰርቼ አራት ጊዜ አፍርሻታለሁ። ፈጢራ ቤት ያላችሁና «ጧት» ብላችሁ ታፔላ ልታሰሩ የምታስቡ፣ እስክጨርስ ድረስ «ጠዋት» ብላችሁ ጻፉልኝ።